ለድመት ይለቀሳል እንዴ?

ድመት የሞተችበት ሰው በእኛ ሰፈር የሚሰማው ማጽናኛ አንድ ነው፤ “ምን ችግር አለው፣ ሌላ ታመጫለሽ!” ብርጭቆ ለተሰበረበት ሰውም የሚባለው ይኸው ነው። ጉራማይሌ ከሞተች ወዲህ ባሉት ሦስት ሳምንታት ይህንን ምክር ከጎረቤትም፣ ከዘመድም፣ ከሥራ ባልደረባም ሰምቻለሁ። ክፋት የለባቸውም፣ ሊያጽናኑኝ ነው። ግን እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ሌላ ማንን ነው የማመጣው?

ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም ተደባልቆባት ሳያት ሌላ ስም አልመጣልኝም። (ባለ ሦስት ቀለም ድመቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች መሆናቸውን ታውቃላችሁ? ጥቁር ወይም ቀይ የሚያደርገው ዘረመል ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ቀለም ለመያዝ ሁለት ኤክስ ያስፈልጋል።) አባቴ ግን “ጋዜጠኛ ባለበት ቤት ድመት እንኳን ደህና ስም አታገኝም” እያለ ሲቀልድብኝ ከረመ።

ወደ ቤታችን የመጣችው በሥራ ቅጥር ነው። ወጥ ቤታችን በአይጥ ተወርሮ እናቴ ስትማረር፣ አክስቴ በካርቶን አድርጋ አመጣቻት። እውነቱን ለመናገር በሙያዋ ይህን ያህል የተመሰገነች አልነበረችም። አይጥ ትይዛለች፣ መያዙንስ ትይዛለች፤ ግን ሳትገድል አምጥታ እኔ የማነበው ጋዜጣ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔ ነው ማለት ነው። እንጀራ በተጋገረ ቀን አክንባሎው ላይ ወጥታ ምጣዱ ፈጽሞ እስኪበርድ ድረስ አትወርድም። እንግዳ ሲመጣ ከተቀመጡት ሁሉ መርጣ ድመት የሚጠላው ሰው ጭን ላይ ትወጣለች። አንድ ጊዜም ተሳስታ አታውቅም። ስትጠራ አትሰማም፤ የጥቁር ፌስታል ኮሽታ ግን ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ሆና ትሰማለች።

ፌስታሉን የሚያመጣው አባቴ ነበር። “እኔ ድመት አልወድም” የሚለው አባቴ፣ ከሥራ ሲመለስ ሥጋ ቤት ጎራ ብሎ ሳንባ ይገዛላታል። የሰፈራችን ሥጋ ቤት በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ሲዘጋ፣ ክፍት ሥጋ ቤት ፍለጋ ሁለት ታክሲ ይዞ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። እሷ ደግሞ ሽሮ የቀረበላት ቀን የምታየን አስተያየት! ሳህኑን አሽትታ፣ ቀና ብላ፣ አንድ በአንድ ትቃኘናለች።

“ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” እንላለን። ተረቱ የሚነገረው ለስድብ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ሳስበው አባቶቻችን ሳያስቡት አንድ ትልቅ ነገር አምነዋል እላለሁ፤ ድመት አመል አላት። ብርጭቆ አመል የለውም። የሞተችብን አይጥ አዳኝ ብትሆን ኖሮ በእርግጥም ሌላ ይተካታል። የሞተችብን ግን ያቺ አመለኛ ናት።

የገደላት የአይጥ መርዝ ነው። ያኖረው ጎረቤት ሊጎዳን ብሎ አላደረገውም፤ የእሱም ቤት አይጥ አለ። በብዛት ከሚሸጡት የአይጥ መርዞች አንዱ ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ለቀናት ስትንገዳገድ ትቆያለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለድመት ቀላል አደን ናት። ሐኪሙ ጋ ስንደርስ የመጀመሪያ ጥያቄው “የመርዙ ዓይነት ምንድን ነው?” የሚል ነበር። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት ከሆነ በጊዜ ከተደረሰበት ቫይታሚን ኬ ማርከሻው ነው። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ከሆነ ግን ማርከሻ የለውም። ጎረቤታችን የገዛው መንገድ ላይ ከሚዞር ሻጭ፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ አንድም ጽሑፍ የሌለበት ዱቄት ነው። ምን ብለን እንመልስ? ይኼ ዱቄት ሕፃናት በሚድሁበት ቤትም እንደሚቀመጥ ሳስብ ያንዘፈዝፈኛል። ቢያንስ መርዝ የሚያኖር ሰው “ድመታችሁን አስገቡ፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ” ብሎ ለጎረቤቱ መናገር ምን ያስከፍለዋል? የምትገዙም ስሙ የተጻፈበትን ግዙ።

ይህንን ሳወራለት አንድ ወዳጄ “ሰው በሚራብበት አገር ለድመት ማልቀስ የፈረንጅ ቅንጦት ነው” አለኝ። ክርክሩን አልንቀውም። መልስ ያገኘሁለት ግን ከፈረንጅ ነው፤ ያውም ከእኛ ጋር ትንሽ ትውውቅ ካለው ፈረንጅ።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ የታወቀ ሰው ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1735፣ የፖርቱጋሉ ኢየሱሳዊ ቄስ ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ተርጉሟል፤ በ1759 ደግሞ “ራሴላስ” የተባለውን የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ ደርሷል። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሰው እሱን ነው። ይህ ሰው ሆጅ የምትባል፣ ይቅርታ፣ የሚባል ድመት ነበረው። ሆጅን የምናውቀው ደግሞ ድመት በማይወድ ሰው ብዕር መሆኑ ያስቀኛል። የጆንሰንን የሕይወት ታሪክ በ1791 ያሳተመው ቦዝዌል፣ ድመት ባለችበት ክፍል መቀመጥ የሚጨንቀው ሰው ነበር። እሱ እንደጻፈው ሆጅ የሽማግሌውን ደረት ወጥቶ ይንፈላሰሳል፤ ሽማግሌው ጀርባውን ያሽለታል፤ ጅራቱን ይጎትትለታል። አንድ ቀን ጆንሰን ከዚህ የሚበልጡ ድመቶች እንደነበሩት ተናገረና፣ ሆጅ የከፋው ስለመሰለው ወዲያው አስተካክሎ ይኸኛውም በጣም ጥሩ ድመት መሆኑን ጨመረበት። ሆጅ ኩርፊያ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ለወዳጄ የነገርኩት ግን ሌላውን ክፍል ነው። ጆንሰን ለሆጅ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ምግብ (ያኔ ርካሽ፣ የድሃ ምግብ ነበር) ራሱ ገበያ ወርዶ ይገዛ ነበር። ለምን ቢባል፣ አሽከሮቹ ለድመት ሲላላኩ ሰልችቷቸው ምስኪኗን እንስሳ እንዳይጠሏት ነው። ወይዘሮ ትሬል የተባለችው ወዳጁ እንደጻፈችው ደግሞ፣ አገልጋዩ ፍራንሲስ ባርበር ለድመት መላኩ ክብሩን እንዳይነካው አስቦ ነው። ባርበር በጃማይካ በባርነት የተወለደ ጥቁር ሰው ነው። ጆንሰን ሲሞት አብዛኛውን ንብረቱን ያወረሰው ለእሱ ነው። እንግዲህ ለድመቱ የተጨነቀውና ለአገልጋዩ ክብር የተጨነቀው አንድ ሰው፣ በዚያው አንድ መንገድ ላይ ነው። ለድመት ያዘነ ለሰው የሚያዝንበት ያልቅበታል ያለው ማን ነው? ሁለት ታክሲ ይዞ ሳንባ ሲፈልግ የነበረው አባቴ ለማኝ ባዶ እጁን ሲሸኝ አይቼው አላውቅም።

ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለንደን ውስጥ ጆንሰን ይኖርበት ከነበረው ቤት ፊት ለፊት ሆጅ ሐውልት አለው። መዝገበ ቃላቱ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡም የበላቸው ኦይስተሮች ዛጎል አለ። ጉራማይሌ ሐውልት አያስፈልጋትም። ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ነው የቀበርናት፤ አባቴ ነው የቆፈረው። አይጡ ስላልቀረ ሌላ ድመት እናመጣ ይሆናል። እሷንም በራሷ አመል እናውቃታለን፤ ስሟን ግን ይህኛውን አላወጣላትም።