ግጥም የሌለው ዜማ ምን ያወራል?

የግጥም ነገር ከሆነ ሁላችንም ተርጓሚዎች ነን። ዘፋኙ ስለ ፍቅረኛው ሲያዜም «ይሄስ ስለ አገር ነው» እንላለን፤ ስለ ወንዝ ሲያዜም «ስለ ስደት ነው» እንላለን። በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ከቃሉ ሥር ሌላ ቃል ሳንፈልግ አናርፍም። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ትጋታችን ይጠፋል። «ክላሲካል ነው» እንልና ለጨዋታችን ማጀቢያ እናደርገዋለን። ድምፁ ዝቅ ይደረጋል፣ ቡናው ይቀዳል፣ ዜማው ሰሚ አጥቶ ያልቃል።

ውድ አንባብያን፣ በተለይ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ፣ ይህ ልማዳችን ትልቅ ነገር እያሳጣን ይመስለኛል። ዛሬ በፒያኖ ብቻ ስለተሠራ አንድ አልበም ላውጋችሁ። አልበሙ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው። «ኢትዮፒክስ» በተባለው በፈረንሳይ አገር በሚታተመው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ውስጥ 21ኛ ቁጥር ሆኖ በ1998 ዓ.ም. ወጣ። በውስጡ 16 ዜማዎች አሉ። ዘፋኝ የለም፣ ከበሮ የለም፣ አጃቢ የለም። አንዲት መነኩሲትና አንድ ፒያኖ ብቻ።

እማሆይ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው የጎንደር ከንቲባ የነበሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በ6 ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር (በኋላ ደራሲና የፓርላማ አባል ከሆኑት ማለቴ ነው) ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ቫዮሊንና ፒያኖን ያወቁት እዚያ ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ጣሊያን ገባ። በ1929 ዓ.ም. ቤተሰቡ ተይዞ በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው የአዚናራ ደሴት ተጋዘ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከተባለ ፖላንዳዊ የሙዚቃ መምህር ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን የመቀጠል ተስፋ ነበራቸው፤ ፈቃድ አጡና ቀረ። ያኔ ዓለሙን ትተው ወሎ፣ ግሸን ማርያም ገቡ። ለ10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው እየሄዱ እዚያ ኖሩ። ከዚያ በኋላ ነው ፒያኖው የተመለሰው። በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጀርመን ሸክላ አሳተሙ፤ ገቢውንም ለወላጅ አልባ ልጆች መርጃ አዋሉት። በደርግ ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው አረፉ።

ይህን ሕይወት ይዞ የአልበሙን የዜማ ርዕሶች የሚያነብ ሰው አንድ ታሪክ ዓይኑ ሥር ድቅን ይልበታል። ርዕሶቹ የወጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ እኛ ስመልሳቸው የመጀመሪያው «ቤት የሌለው ተንከራታች» ይሆናል። እየቆየ «የአንዲት ልጃገረድ ሮሮ» ይመጣል፤ «የእናት ፍቅር»፣ «የባሕሩ መዝሙር»፣ «የአገር ናፍቆት» ይከተላሉ። ከዚያ ጎልጎታ፣ የዮርዳኖስ ወንዝ፣ ጌቴሴማኒ። ከጌቴሴማኒ ቀጥሎ ደግሞ ዓባይ! «አሃ» ትላላችሁ፤ ከቤት ወጣች፣ ባሕር ተሻገረች፣ ናፈቀች፣ ቅድስት አገር ደረሰች፣ በሐሳቧ ወደ ዓባይ ተመለሰች። እኛ ጫንጮ የምንኖር ሰዎች በደጃችን የሚያልፈው አስፋልት ወደ ዓባይ በረሃ ስለሚወስድ ያቺን ርዕስ ስናይ ልባችን ይሞቃል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዜማዎቹ በተለያየ ዘመን የተቀዱ ናቸው፤ በአንድ አልበም የተሰበሰቡት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ልብ ወለድ ታስቦ የተደረሰ ነገር አይደለም። ያንን የጉዞ ታሪክ የሰፋነው እኛ ነን፤ ክሩን የሰጡን ርዕሶቹና የሕይወት ታሪካቸው ናቸው። ታዲያ ስፌቱ ውሸት ነው? አይደለም። ግን የእሳቸውን የእኛ ከሆነው መለየት ጥሩ ነው። ርዕሱ የእሳቸው ነው። ሕይወቱ የተመዘገበ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው አድማጩ ነው። እኔን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝም ያ ክፍተት ነው።

አዲስ አበባን ለቅቀን ወደ ባለቤቴ እናት ቤት፣ ወደ ጫንጮ ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ከአዲስ አበባ በእንጦጦ ወጥቶ፣ ሱሉልታን አልፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለኪራይ ጥሩ ሆኖልናል፤ ለወተትም የሚያህለው የለም። አንድ ችግር ግን ነበረብን። አማቴ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛቸው ለገበያ ያህል ነው። ልጆቻችን ያደጉት በአማርኛ ነው፤ ኦሮምኛው ገና እየመጣላቸው ነው። ልጆቹ «አኮ» ይሏቸዋል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ይዋደዳሉ፤ ግን ንግግራቸው «ብይ»፣ «ነይ»፣ «ብርድ ነው ልበሺ» ከሚለው አያልፍም ነበር።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ከሰል ማንደጃ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ ከእማሆይ ዜማዎች አንዱን በስልኬ ከፈትኩ። ርዕሱን አልነገርኳቸውም። «የሰማችሁትን ትነግሩኛላችሁ» ብቻ አልኩ። የእማሆይን አጨዋወት የሰማ ያውቀዋል፤ ቅኝቱ የእኛ ነው፣ ግን ምት ተቆጥሮለት አይሄድም። ይቸኩላል፣ ይዘገያል፣ ቆም ይልና መለስ ብሎ ያየዋል።

የ6 ዓመቱ ልጄ «ድመት ናት፤ ሳህን ላይ እየሄደች ነው» አለ። ሳቅን። የ10 ዓመቷ ደግሞ «ሰው እንዳይነቃ ፈርታ በጨለማ የምትወጣ ልጅ ናት» አለች። አማቴ ዝም ብለው ቆዩ። ዜማው ካለቀ በኋላ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ባለቤቴ ተረጎመችልን። «ይሄ ሰው ሄዶም አልሄደም። ዞር ዞር ይላል።»

ከዚያ ቀጠሉ። ሲዳሩ ዕድሜያቸው ከልጄ ብዙም አይበልጥም ነበር። በፈረስ ጭነው ሲወስዷቸው እናታቸው እስከ አጥሩ ድረስ ወጥተው ቆሙ። ፈረሱ ወንዙን እስኪሻገር ድረስ እሳቸው ዞር ዞር እያሉ ሲያዩ እናታቸው ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ወዲያ በሕይወት ያገኟቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ባለቤቴ እየተረጎመች መሀል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። የ41 ዓመት ሴት ናት፤ ይህን ታሪክ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ልጄ ወዲያው ጠየቀች፦ «የአኮ እናት ስሟ ማን ነበር?»

ባለቤቴን አየኋት፤ አላወቀችውም። እኛ አገር የአባት ስም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንዳንዱ ቤተሰብም ከዚያ አልፎ ይሄዳል። የእናት እናት ስም ግን ከአንድ ትውልድ በኋላ አፈር ይበላዋል። አማቴ ስሙን ተናገሩ። ልጄ ሁለት ጊዜ አስደግማቸው በስልክ መብራት ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ርዕሱን የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው፦ «የአገር ናፍቆት»። ልጄ አልተዋጠላትም። «አኮ እኮ ሩቅ አልሄደችም» አለች። እውነቷን ነው፤ የአማቴ የትውልድ መንደር ከጫንጮ በእግር ግማሽ ቀን ቢያስኬድ ነው። ጥያቄውን ወደ ኦሮምኛ መለስንላቸው። አማቴ ፈገግ ብለው «የወንዙን ማዶ ለማያይ ሰው ቅርብና ሩቅ አንድ ነው» አሉ። እኔም የአዚናራን ደሴት ለልጄ ያወራሁላት ያኔ ነው፤ በእሷ ዕድሜ ከአገሯ ርቃ ትማር ስለነበረች፣ በኋላም ከነቤተሰቧ በባሕር ተሻግራ ስለታሰረች ልጅ። ታሪኩን አስቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ሁሉም አዚናራን ብቻ ይሰሙ ነበር። አማቴም ወንዛቸውን አይሰሙም ነበር።

የእማሆይ ነገርም ከዚህ አይርቅም። ለብዙ ዓመት ዓለም ያወቃቸው በፒያኖ ብቻ ነበር፤ ቃል የሌላቸው አቀናባሪ ተደርገው ይታዩ ነበር። ካረፉ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ሌላ አልበም ወጣ። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በካሴት የቀዷቸው መዝሙሮች ናቸው፤ በእነዚህ ላይ እማሆይ ራሳቸው በአማርኛ ያዜማሉ። የሚያዜሙትም ስለ አገርና ስለ መለየት ነው። ቃሉ ነበር ማለት ነው፤ ካሴት ውስጥ ተቀምጦ ሰሚ ይጠብቅ ነበር። በየቤታችን ጥግ ጋቢ ተከናንበው የሚቀመጡት አዛውንቶችም እንዲሁ ናቸው። ዝም ስላሉ የሚነግሩን የላቸውም ማለት አይደለም።

በቀጥታ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ አይናገሩም። «እማዬ፣ ስለ ልጅነትሽ ንገሪኝ» ሲባል «ምን አለው ብለሽ ነው ልጄ» ብሎ ማለፍ የቆየ ልማድ ነው። ከዚያም የባሰ አለ፤ ጦርነት ያለፈበት፣ በቀይ ሽብር ልጅ የተነጠቀ ሰው ጥያቄ ሲመጣበት በሩን ይዘጋል። ግጥም ያለው ዘፈን ደግሞ ስሜቱን በራሱ ቃል ይሞላዋል፤ ሰውየው የዘፋኙን ሐዘን ያዝንና ያበቃል። ቃል የሌለው ዜማ ግን ባዶ ወንበር ነው። የፈለገ ይቀመጥበታል፤ ያልፈለገም «ጥሩ ዜማ ነው» ብሎ ያልፋል። ማንም አልተጠየቀም፣ ማንም አላፈረም።

ልሞክረው ለምትሉ ከልምዴ ላካፍላችሁ። አንድ ዜማ ይበቃል፤ አልበሙን በሙሉ መክፈት ልጆችን ያሰለቻል። ርዕሱን ደብቁ። መጀመሪያ ትንሹ ልጅ ይናገር፤ እሱ «ድመት» ካለ በኋላ ለትልቁ ሰው መናገር ቀላል ይሆናል። ማንንም «ተሳስተሃል» አትበሉ። አዛውንቱ ዝም ካሉ ዝምታውን ተዉላቸው፤ እንባ ከመጣም ጥያቄ አታከታትሉ። ርዕሱንና የአቀናባሪውን ሕይወት በመጨረሻ አምጡት፤ ልጆች የሰሙትን ከታሪኩ ጋር ራሳቸው ያስተያዩታል።

እማሆይ ለቤታችሁ ቀዝቀዝ ካሉባችሁ በ2008 ዓ.ም. ያረፉት ጌታቸው መኩሪያ አሉላችሁ። ሽላይ በቃል የሚያስተጋባውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን ያሻገሩ ሰው ናቸው። ልጆቹ «ማን ተናደደ?» ይላሉ፤ አያት ደግሞ ያለ ቃሉ ሽለላውን ያውቁታል፣ ትከሻቸውም ይመሰክራል። ከውጭ ከፈለጋችሁ የጣሊያናዊው ቪቫልዲ «አራቱ ወቅቶች» አለ። እሱ ከእማሆይ በተቃራኒ ለእያንዳንዱ ወቅት ግጥም አያይዞ ስለሆነ ያሳተመው፣ የልጆቹን ግምት ከደራሲው ሐሳብ ጋር ማስተያየት ይቻላል። በፀደዩ ክፍል የሚጮህ ውሻ አለ፤ ልጆች ይፈልጉት፣ ያገኙታል።

በእኛ ቤት አሁን የእሑድ ማታ ልማድ ሆኗል። ልጄ ኦሮምኛዋ እየተሻሻለ ነው፤ ሰዋስው የማታውቀውን ያህል ታሪክ ታውቃለች። በደብተሯ ላይ ከቅድመ አያቷ ስም ሥር ሌሎች ስሞች እየተጨመሩ ነው፤ የወንዙ ስም፣ የፈረሱ ስም፣ በልጅነቷ የሞተች አንዲት እህት ስም። ያቺን እህት ከአማቴ በስተቀር በሕይወት ያለ ሰው አያስታውሳትም ነበር። አሁን ሁለት ሰው ሆነዋል።

ቸር ሰንብቱ።