ሁላችንም ታይፎይድ አለብን?

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። እዚሁ አዳማ፣ ስሙን ከማልጠቅሰው የግል ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ከአራት ሰዎች ጋር ውጤት እጠብቃለሁ። አንደኛዋ ከወንጂ የመጡ እናት ናቸው፤ ሌላው የጭነት መኪና ረዳት፤ ሦስተኛው ከመቂ የቲማቲም ማሳ ትኩሳቱን ተሸክሞ የመጣ ወጣት፤ አራተኛዋ ተማሪ። በየተራ ገብተን ወጣን። የአምስታችንም ወረቀት አንድ ነገር ይላል፦ ታይፎይድ! እናትዬዋ ወረቀቴን አየት አድርገው «አንተም ልጄ?» አሉኝ። «እኔም እማማ» አልኳቸው። ተሳሳቅን።

ሲፕሮዬን ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። በአራተኛው ቀን ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ደሜን በማይክሮስኮፕ አዩት። ወባ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው አንድን ክሊኒክ ለመክሰስ አይደለም። የምከሰው ልማዱን ነው። ያ ወረቀት የተጻፈው «ዊዳል» በሚባለው ምርመራ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናን ዊዳል ይህን ዘዴ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። የታይፎይድን፣ ማለትም የአንጀት ተስቦን ባክቴሪያ ራሱን አይፈልግም፤ ሰውነታችን የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚፈልገው። ይህ ማለት ግቢ ውስጥ የጅብ ዱካ እንደማየት ነው። ጅቡ ዛሬ ሌሊት ይግባ አምና፣ ጨርሶም የውሻ ዱካ ይሁን፣ ዱካው ብቻውን አይናገርም። ቀድሞ ታይፎይድ የያዘው ሰው ዱካው ይቀርበታል። ይባስ ብሎ ወባ ራሱ ዊዳልን ሊያሳስተው ይችላል። እንግዲህ አስቡት! ከሞጆ እስከ መተሐራ፣ ከመቂ እስከ ዝዋይ ወባ በሚያንዣብብበት በዚህ በስምጥ ሸለቆ፣ ወባ የሚያታልለውን ምርመራ ዳኛ አድርገን አስቀምጠናል።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ታይፎይድን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ደግሞ ቀናት ይፈጃል፣ ገንዘብ ይጠይቃል፣ በየክሊኒኩም አይገኝም፤ በዚያ ላይ ካልቸሩም ቢሆን ከታማሚዎቹ ብዙዎቹን ሳያገኝ ያልፋል። እውነት ነው፤ ችግሩን አልክድም። ግን ካልቸር አለመኖሩ ዊዳልን እውነተኛ አያደርገውም። የወባ ምርመራ ርካሽ ነው፤ እሱ ይቅደም። በጽኑ የታመመው ደሙ ለካልቸር ይወሰድለትና ወዲያው መድኃኒቱ ይጀመርለት። በእግሩ ቆሞ የሚሄደው ደግሞ «ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰህ እይኝ፣ ከባሰብህም ቶሎ ና» ይባል። ሕክምና ማለት ይኸው ነው።

እኛ ታማሚዎችስ ንጹሕ ነን? የለም። መድኃኒት ሳያዝ የሚሸኘንን ሐኪም «ምንም አያውቅም» ብለን እናማለን። ፋርማሲ ገብተን «እህቴ፣ ያንን ቀይና ጥቁሩን ስጪኝ» ስንል ማዘዣ ብትጠይቀን እንቆጣለን። ሲሻለን የተረፈውን ለጎረቤት እናካፍላለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ ብድሩን የሚከፍሉት ግን ልጆቻችን ናቸው።

ዕዳው ተረት አይደለም። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱን በቂ ባልሆነ መጠን መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር፣ ሃይደራባድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 የተነሣው የታይፎይድ ወረርሽኝ ክሎራምፌኒኮልን፣ አምፒሲሊንን፣ ሲፕሮንና ሴፍትሪያክሶንን ሁሉ የማይሰማ ነበር። በአፍ ከሚወሰዱት ውስጥ ለሐኪሙ የቀረው ዋናው መድኃኒት አዚትሮማይሲን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲከፍል ሲፕሮንና ሴፍትሪያክሶንን «በጥንቃቄ ይጠበቁ» ከሚላቸው መሐል ያስቀመጣቸው በከንቱ አይደለም። እኛ ጠብቁ የተባልነውን ለወባ እንውጠዋለን!

ሌላም አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አዋሽ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ብዙዎችን ከቤታቸው ሲያፈናቅል አይተናል። ጎርፍ ንጹሕ ውሃን ሲበክል እውነተኛ ታይፎይድ ሊከተል ይችላል። በየቀኑ ለመጣው ሁሉ ታይፎይድ ብለን ከመዘገብን፣ እውነተኛው ወረርሽኝ የገባ ዕለት መዝገቡ ላይ በምን እንለየዋለን? በመንገደኛ ሁሉ የሚጮህ ውሻ፣ ሌባ ሲመጣ ማንም አይነሣለትም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ባለሙያ ሆይ፣ በአንድ የዊዳል ወረቀት ብቻ ለማንም አንቲባዮቲክ አትዘዝ። ታማሚ ሆይ፣ ወረቀቱ ሲሰጥህ አፍረህ አትውጣ፤ «ዶክተር፣ ወባው ታይቷል? ይህ ታይፎይድ መሆኑ በምን ታወቀ?» ብለህ ጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ ያን ቀን አልጠየቅሁም፤ ሦስት ሌሊት በወባ ተንቀጠቀጥኩ። የወንጂዋ እናት፣ ያ የመቂ ወጣት እንዴት እንደሆኑ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።