የ11ኛው ቀን እምቢታ

አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ኮርሚየር «የቸኮሌት ጦርነት» የተሰኘውን የትምህርት ቤት ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1974 ካሳተመ ወዲህ አንድ ክስ ሳይለቀው ኖሯል። እምቢ ያለው ልጅ ተደብድቦ ስለሚወድቅ መጽሐፉ ለወጣት አንባቢ ተስፋ አይሰጥምና ከቤተ መጻሕፍት ይነሣ የሚል ነው። ይህ ግን ልብ ወለዱን ከመጨረሻ ገጹ ብቻ ያነበበ ሰው ክስ ነው።

ትሪኒቲ በተባለው የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት ተጠባባቂ ርእሰ መምህሩ ብራዘር ሊዮን 20,000 ሣጥን ቸኮሌት ገዝቶ ለእያንዳንዱ ተማሪ 50 ሣጥን ይደለድላል። ሽያጩ በፈቃድ ነው ይባላል፤ ይሁንና በየዕለቱ ስም እየተጠራ ማን ስንት እንደ ሸጠ ይመዘገባል። በስም ጥሪ የሚጠየቅ ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው?

አዲሱ ተማሪ ጄሪ ሬኖ ለ10 ቀናት አልሸጥም ይላል። ይህ እምቢታ ግን የራሱ አይደለም፤ «ቪጂልስ» የተባለው የተማሪዎች ስውር ማኅበር ያዘዘው ነው። ትእዛዙ ባበቃበት በ11ኛው ቀን ስሙ ሲጠራ ጄሪ አሁንም እምቢ ይላል። ቃሉ ያው ነው፤ ተናጋሪው ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ወጣት ነጻ ወጣ የሚባለው ታላቁን ስለ ተቃወመ ብቻ አይደለም፤ የእኩዮቹ ትእዛዝም ትእዛዝ ነውና።

ኮርሚየር የዝምተኞቹንም ምርጫ አልዘነጋም። ብራዘር ሊዮን ቤይሊ የተባለውን ጎበዝ ተማሪ በሐሰት ኮራጅ ብሎ በክፍሉ ፊት ያዋርደዋል። ተማሪዎቹ ዝም ይላሉ፤ ከኋላ አንድ ድምፅ ተዉት ሲል ጊዜው መሽቷል። በመጨረሻ ራሱ በዳዩ ተመልሶ ክፍሉን በዝምታው ይወቅሳል፤ ከናዚ ጀርመንም ጋር ያመሳስለዋል። የተንኮለኛ ወቀሳ ነው፤ ነገር ግን እውነት ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው አባባል በዚያ ክፍል ውስጥ ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ጄሪን የጣለው እምቢታው አይደለም። የጣሉት ለመጨረሻው የቡጢ ግጥሚያ ቲኬት ገዝተው የተሰበሰቡት ተማሪዎችና በሩቅ ቆሞ የተመለከተው መምህር ናቸው። ልጁ በወደቀበት ሆኖ ጓደኛው ጉበር የታዘዘውን ይፈጽም ዘንድ ሊመክረው መሻቱም የቁስለኛ ሐሳብ እንጂ የደራሲው ፍርድ አይደለም።

አሳታሚዎች መጨረሻውን እንዲለውጥ በጠየቁት ጊዜ ኮርሚየር አሻፈረኝ አለ፤ ደግ አደረገ። ለወጣት አንባቢ የተፈበረከ ድል መስጠት እንደ ሕፃን ማባበል ነው። ለልጆቹ ደኅንነት ሲሉ መጽሐፉን የሚከለክሉ ወገኖችም ሳያውቁት የብራዘር ሊዮንን የስም መዝገብ በእጃቸው ይዘዋል፤ ስለ ወጣቱ ይመርጡና በፈቃዱ ነው ይላሉ። ምርጫ ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚነግረው መጽሐፍ ተነጥቆ ያደገ ወጣት፣ የራሱ 11ኛ ቀን ሲደርስና ስሙ ሲጠራ በምን ድፍረት ይመልሳል?