«ስብሰባ ላይ ናቸው» ስንት ብር ነው?

ባለፈው ሰኞ ለልደት የምስክር ወረቀት ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። በሩ ላይ «ሠራተኞች ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ እየተነሣ የሚለጠፍ ነው ማለት ነው። «ጋሼ፣ መቼ ይጨርሳሉ?» አልኳቸው ጥበቃውን። «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፤ ከሰዓት ሞክር» አሉኝ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። እናንተም ካልኩሌተራችሁን ክፈቱ። የ2010ሩ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ አድርጎ ደንግጎ ነበር። ይህ በወር 169 ሰዓት ይመጣል። አማካይ ደመወዙን 10 ሺህ ብር እንበለው (ግምት ነው፤ የምታውቁትን ቁጥር ተኩበት)። አንዱ ሰዓት 59 ብር ገደማ ነው። 40 ሠራተኛ ለ3 ሰዓት ሲሰበሰብ 7,080 ብር ሄደ። በየሳምንቱ ከሆነ በዓመት 368,160 ብር፤ ከሦስት ሠራተኞች የዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ለዚያውም የአንድ ጽሕፈት ቤት ብቻ።

ሻይ ቡናውን አልቆጠርኩም። ስብሰባው አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ከወረደ አበል፣ ነዳጅና የአዳራሽ ኪራይ ይጨመራል። እነዚህ ግን ቢያንስ ደረሰኝ አላቸው፣ ኦዲተር ያያቸዋል። የደመወዙ ሰዓት ደረሰኝ ስለሌለው ነጻ ይመስላል። ሰብሳቢው 40 ደቂቃ አርፍዶ ሲገባ ከ1,500 ብር በላይ እንዳቃጠለ ማን ይነግረዋል?

ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበው ግን የእኛ ሒሳብ ነው። በሩ ላይ 25 ሰው ቆጠርኩ። 25 በ3፣ 75 ሰዓት። አጠገቤ የነበረው ልጅ የቀን ሠራተኛ ነው፤ የዚያን ቀን ሥራው ቀርቶበታል። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ቆማለች። ይህ ኪሳራ በየትኛውም በጀት ላይ አይጻፍም።

ስብሰባ ሁሉ ይቅር እያልኩ አይደለም። የጠፋ ፋይል ጉዳይ ቁርጥ የሚያደርግ የግማሽ ሰዓት ስብሰባ ብዙ ምልልስ ያስቀራል። ግን ዋጋው ይታወቅ። ሾፒፋይ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ስብሰባ ሲጠራ ዋጋውን ካላንደሩ ላይ የሚያሳይ ማስያ ለሠራተኞቹ አውጥቶ ነበር። ለእኛ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር እንኳ አያስፈልግም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ የተሰብሳቢው ብዛት፣ ሰዓቱ፣ ብሩ። በየመስኮቱ አንድ ሰው ይቅር፤ በሩ ላይ የሚለጠፈውም ወረቀት የሚመለሱበትን ሰዓት ይናገር።

ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ተመለስኩ። መስኮቱ ተከፍቷል። ወረፋዬ ደረሰ፣ ሰነዴም ተሟልቷል ተባለ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

«ኃላፊው ክፍለ ከተማ ሄደዋል፤ ስብሰባ አላቸው።»