ጓዝ ጠቅልሎ ለሥራ



ይህን እትም ለእንጀራ ሲሉ ከቀያቸው ርቀው ለሚሄዱ ሠራተኞች ሰጥተነዋል። አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች ለዓመታት የሥራ ቦታቸውን በዕጣ ሲቀበሉ ኖረዋል። መምህራን ዝውውር እስኪፈቀድላቸው ከትዳር ጓደኞቻቸው ተለያይተው ይቆያሉ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ ከገጠር ወደ ከተማ ስቧል።

ከእነዚህ እህቶቻችን ብዙዎቹ አንዲት ጠባብ ክፍል ሦስት አራት ሆነው ይከራያሉ። ፍራሹን ቀን ከግድግዳ ያስደግፉታል፤ ሽሮና ከሰል በጋራ ያዋጣሉ። ደመወዝ ሲወጣ መጀመሪያ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ ቀጥሎ ለእናት ይላካል። ለራስ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ለእኛ ይህ ጉዳይ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም፤ አገር አቋርጦ የመጣ ሰው ከሥራው ጋር ማደሪያና ክብርም ሊያገኝ ይገባል ብለን እናምናለን።

በውስጥ ገጾች የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ነርሶችና መምህራን ስለ መጀመሪያ ወራቸው ይናገራሉ። ከቀበሌ መሸኛ ማውጣት፣ ቤት መፈለግ፣ አዲስ ቋንቋ መልመድ፣ ዕቁብና ዕድር መግባት ሁሉም ተዳሰዋል። እናንተም ሥራ ፍለጋ ወይም ምድብ ይዛችሁ ርቃችሁ ከሄዳችሁ፣ ማን እንደተቀበላችሁና ምን እንደጎደላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ አዘጋጅተንላችኋል።

መልካም ንባብ!

አዘጋጁ