"ዲ ላይ አለ" አትበሉኝ!

ወገን፣ ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ሃርድ ዲስኩ ሞቷል ተብላ የእናቷ ፎቶዎች በሙሉ ጠፍተውባታል። እናቷ ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። "ቲቸር፣ ዲ ላይ ባክአፕ አድርጌ ነበር እኮ!" ትለኛለች።

ስሙኝማ! በአብዛኞቻችን ኮምፒውተር ላይ ሲ እና ዲ አንዱን ሃርድ ዲስክ ለሁለት ከፍለን ያወጣንላቸው ስም ነው። ዊንዶውስ ፎርማት ሲደረግ ዲ ሊተርፍ ይችላል። ዲስኩ ራሱ ሲሞት ግን ሁለቱም አብረው ይቀበራሉ። ቤቱ ከተቃጠለ ሳሎን ምን፣ ጓዳ ምን?

"ቴሌግራም ላይ ልኬዋለሁ" ባዮችም አላችሁ። በፋይል ካልላካችሁት ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ አሳጥባችሁ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት ስትሉ ይገባችኋል።

ደንቡ 3-2-1 ነው፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። "ኤክስተርናል ውድ ነው" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ እኔም የመምህር ደሞዝተኛ ነኝ። ግን ለሰርግ ፎቶ ስንት ከፍለን፣ ፎቶውን አንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ጥለን የምንተኛ እኛው አይደለንም?

ዛሬ ማታ የወላጆቻችሁን ፎቶ ገልብጡ። አንዱን ቅጂ እህታችሁ ቤት አስቀምጡ። ነገ ደውላችሁ ብታለቅሱልኝ፣ ከ"አይዞህ፣ አይዞሽ" በቀር የምሰጣችሁ የለኝም።