ያረጡ እናቶች የሆድ ሕመምና የኦቫሪ ሲስት፦ በጅቡቲ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በጅቡቲ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ
ግልባጭ፦ ለጅቡቲ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ በጅቡቲ ከተማ የሚኖሩ ያረጡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የሆድ ሕመምና የኦቫሪ ሲስት

የሴት የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይመጣ ሲቀር አርጣለች ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ነው። ከዚያ ወዲያ ኦቫሪ የሚባሉት ሁለቱ የእንቁላል ማምረቻዎች እንቁላል አያፈሩም፤ እየተኮማተሩ ይሄዳሉ፤ የኢስትሮጅን መጠንም በጣም ይቀንሳል። በወጣትነት ዕድሜ እንቁላል ሲበስል የሚፈጠረውና በራሱ የሚጠፋው ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ማለትም ሲስት፣ ከማረጥ በኋላ አይኖርም ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። በተለያዩ ጥናቶች በአልትራሳውንድ ከታዩ ያረጡ ሴቶች ከ5 እስከ 17 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሲስት ተገኝቷል። አብዛኛው ጉዳት የለውም፤ ጥቂቱ ካንሰር ሆኖ ይገኛል። ካንሰሩም ቢሆን መጀመሪያ የሚሰማው በሆድ በኩል ነው፦ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ ድርቀት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት። በዚህ ዕድሜ የሚመጣው የምግብ መፈጨት ችግርም መልኩ ይኸው ስለሆነ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ።

ጉዳዩ ለኤምባሲው የሚቀርበው በዚህ ዕድሜ ላይ የደረሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶች በጅቡቲ ከተማ ስለሚኖሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ወደ ወደቡ የሚወርደው ሰው አልተቋረጠም። የባቡር ሠራተኛ ባላቸውን ተከትለው የወረዱ፣ ምግብ ቤት ወይም ሻይ ቤት የከፈቱ፣ በሰው ቤት ሠርተው ልጅ ያሳደጉ ሴቶች ዛሬ አርጠዋል። ከድሬዳዋ የመጡት ሶማልኛ ስለሚያውቁ ይግባባሉ፤ ከወሎና ከሸዋ የመጡት ግን በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ፈረንሳይኛውም ሶማልኛውም ያስቸግራቸዋል። የሆድና የማህፀን ነገር ደግሞ በአስተርጓሚ፣ በተለይም በወንድ ልጅ ወይም በጎረቤት በኩል፣ የሚነገር አይደለም። ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይቀራል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ የላይኛው ሆድ ሕመም ሁሉ ለጨጓራ ይሰጣል። በባልባላ ወይም በሌሎቹ የጅቡቲ ከተማ ሰፈሮች ያለች እናት ሆዷ ሲነፋባት መጀመሪያ የምትሄደው ፋርማሲ ነው። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ትላለች፤ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ገዝታ ትወስዳለች፤ ለሁለት ሳምንት ቀለል ይላታል፤ ከዚያ ይመለስባታል። ቀጥሎ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ምርመራ ይደረግላትና ፀረ ባክቴሪያ ትጀምራለች። ባክቴሪያው በአካባቢው በብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ ስለሚኖር መገኘቱ ብቻ የሕመሙ ምክንያት ታወቀ አያሰኝም። ወራት እንዲህ ሲያልፉ ከእምብርት በታች ያየ የለም። እናቲቱም የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ስላለፉ ማህፀኗንና ኦቫሪዋን ከሕመሟ ጋር አታያይዝም፤ ሐኪሙ ካልጠየቃት አታነሳውም።

የሆድ ችግሩ በአብዛኛው በእርግጥም የሆድ ችግር ነው። ከማረጥ በኋላ ሆርሞኑ ሲቀንስና ዕድሜ ሲጨምር የአንጀት እንቅስቃሴ ሊዘገይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የወለደች ሴት የዳሌ ወለል ጡንቻ ስለሚላላ ዓይነ ምድር ማስወጣት ይከብዳታል። የጅቡቲ አየር በዚህ ላይ ይጨመራል። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰውነት በላብ የሚያጣው ውሃ ብዙ ነው፤ ያልተተካ ውሃ ከአንጀት ይሳባል፤ ዓይነ ምድር ይደርቃል። የከተማዋ የጉድጓድ ውሃ ጨው ጨው ስለሚል በቂ የማይጠጣ ሰው አለ፤ ከኢትዮጵያ ከሐደጋላ ውሃ በቧንቧ መምጣት ከጀመረ ወዲህም በጣሳና በጄሪካን በሚቀዳ ውሃ የሚኖር ቤተሰብ አልጠፋም። ጫት የምትቅም ሴት ደግሞ ድርቀቱ ይብስባታል፤ በውስጡ ያለው ታኒን አንጀት ያደርቃል፣ አነቃቂው የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ቀትር ላይ የጀመረ ቃሚ እራት ሳይበላ ያመሻል። ጤፍ ከድንበር ማዶ በውድ ዋጋ ስለሚመጣ የእንጀራን ቦታ ሩዝ፣ ፓስታና ነጭ ዳቦ ሲወስዱት የምግቡ አሰር ይቀንሳል።

ሆድ የሚያውኩ መድኃኒቶችም አሉ፤ ይህን ሐኪሞችም አንዳንዴ ይዘነጉታል። ለደም ግፊት የሚሰጡት ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን፣ ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት እንክብል፣ ለአጥንት የሚወሰደው ካልሲየም ሆድ ያደርቃሉ። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን በተቃራኒው ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ለጉልበት ሕመም በየቀኑ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያቆስላል። ስለዚህ የሆድ ሕመም ያለባት ያረጠች ሴት ወደ ሐኪም ስትሄድ የምትውጣቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዛ መሄዷ ከብዙ ጥያቄ ያድናል።

ድርቀቱን ለማቃለል በቤት የሚሠራው ነገር ብዙ ወጪ የለውም። ልብና ኩላሊቷ ጤነኛ ለሆነች ሴት ውሃ በቀን ውስጥ ከፋፍሎ መጠጣት፣ ምስርና አትክልት መጨመር፣ ፀሐይ ስትበርድ መራመድ ይረዳል። ተልባ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ውሃ ካልተጠጣበት ይባስ ያደርቃል። የጾም ወቅት ሲመጣ እስከ ከሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ጠግቦ መተኛት ቃርንም መነፋትንም ያባብሳል፤ ከፋፍሎ መብላት ይሻላል። ድርቀቱ ካልለቀቀ አንጀት የሚያለሰልስ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ይቻላል፤ ሆድን በኮሶም ሆነ በሌላ ነገር ማጠብ ግን ለአረጋዊት ሴት አደገኛ ነው።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና መመሪያ ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሆድ ወይም የዳሌ ሕመም፣ ሽንት ማጣደፍ ወይም ቶሎ ቶሎ መምጣት በወር ከ12 ጊዜ በላይ የሚመላለስባት ሴት፣ በተለይ 50 ዓመት ከሞላት፣ ሲኤ-125 የሚባለው የደም ምርመራ ይደረግላት ይላል። ውጤቱ 35 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሆድና የዳሌ አልትራሳውንድ ይከተላል። ከ50 ዓመት በኋላ «የአንጀት ቁጣ» የሚባለው ሕመም እንደ አዲስ መጀመሩ ብዙም ያልተለመደ ስለሆነ በዚያ ዕድሜ አዲስ ለሚመጣ ተመሳሳይ ምልክትም ይኸው ምርመራ ታዟል። ምልክቱ አዲስ መሆኑና አለመልቀቁ ነው ዋናው ነገር። ለ20 ዓመት ቃር የነበረባት ሴት ቃር ቢላት አያስደንቅም፤ ፊቷና ክንዷ እየከሳ ቀሚሷ ወገቧ ላይ የሚጠብባት ሴት ግን ያለ አልትራሳውንድ መሰንበት የለባትም። ከማረጥ በኋላ የታየ ደምም፣ ጠብታ ቢሆን እንኳ፣ መመርመር አለበት። ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣ ደም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስና ክብደት መቀነስ ወደ ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ ይመራሉ፤ የጨጓራና የአንጀት ካንሰር ወደ ኦቫሪ ሊዛመት ስለሚችል ጨጓራና አንጀትን ከኦቫሪ ጋር አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

በጅቡቲ አልትራሳውንድ ኤኮግራፊ ይባላል፤ ውጤቱም በፈረንሳይኛ ይጻፋል። እናቶች ወረቀቱን አጣጥፈው በቦርሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ የሚያውቁት «ኪስት» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከእሱም ካንሰር እንዳለባቸው ይደመድማሉ። ከዚያ ቃል ቀጥሎ የተጻፈው ግን ሁሉን ይወስናል። «አኔኮዤን» እና «ዩኒሎኩሌር» የሚሉት ከረጢቱ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ የያዘና ባለ አንድ ክፍል መሆኑን ይገልጻሉ፤ እነዚህ መልካም ዜና ናቸው። «ክሉዋዞን» ውስጡን የሚከፍል ግድግዳ ነው፤ «ቬዤታሲዮን» ከግድግዳው ወደ ውስጥ የበቀለ ሥጋ ነው፤ «አሲት» በሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንዱ ካለ ነገሩ በፍጥነት ወደ ስፔሻሊስት መድረስ አለበት።

ሐኪሞች አደጋውን በቁጥር የሚለኩበት ዘዴም አለ። ባለ ብዙ ክፍል መሆን፣ ጠጣር ነገር መኖር፣ በሁለቱም ኦቫሪ ላይ መታየት፣ የሆድ ውሃና ወደ ሌላ ቦታ መዛመት ይቆጠራሉ፤ አንድም ከሌለ 0፣ አንድ ካለ 1፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ 3 ይሰጣል። ይህ ላረጠች ሴት በ3 ተባዝቶ እንደገና በሲኤ-125 ውጤት ይባዛል። አንድ ምልክት ያላትና ውጤቷ 40 የሆነ ሴት 120 ታገኛለች፤ ሁለት ምልክት ያላትና ውጤቷ 80 የሆነው 720። ከ200 በላይ ከሆነ የማህፀንና የኦቫሪ ካንሰር ስፔሻሊስት እንዲያያት ይመከራል። የብሪታንያ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ በአንድ ወገን ያለ፣ ባለ አንድ ክፍል ንጹሕ ሲስት፣ ሕመም ከሌለውና ሲኤ-125 ጤናማ ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገማል፤ ዓመት ሙሉ ካልተለወጠ ክትትሉ ሊቆም ይችላል። እንዲህ ያለው ሲስት ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። እዚህ ላይ በሁለቱም በኩል ስሕተት ይፈጸማል፦ መውጣት የማይገባው ይወጣል፣ መውጣት ያለበት በኦሜፕራዞል ይታለፋል።

ሲኤ-125 ለብቻው ካንሰርን አይመሰክርም። ጉበት ሲጎዳ፣ ልብ ሲደክም፣ የማህፀን ዕጢ ሲኖር ይጨምራል። ለጅቡቲ ከተማ ትልቁ ጉዳይ የሆድ ነቀርሳ፣ ማለትም የሆድ ቲቢ፣ ነው። ጅቡቲ ቲቢ በስፋት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። የሆድ ቲቢ ሆድን በውሃ ይሞላል፣ ያከሳል፣ ሲኤ-125ን ከፍ ያደርጋል፤ ከተዛመተ የኦቫሪ ካንሰር ጋር ለመለየት ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ቲቢው በወራት የመድኃኒት ሕክምና የሚድን በሽታ ስለሆነ ሳይለዩ ተስፋ ማስቆረጥ ከባድ በደል ነው። በከተማዋ የፖል ፎር ማዕከል ቲቢን ለማከም የተቋቋመ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይነሳ ጉዳይ ግርዛት ነው። ኦቫሪን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ ነው። በጅቡቲም ሆነ በኢትዮጵያ ሶማሌና አፋር አካባቢ ያደጉ ብዙ እናቶች ግን በልጅነታቸው ተሰፍተዋል፤ የጅቡቲ የ1995 እ.ኤ.አ. የወንጀል ሕግና የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ሲከለክሉ እነሱ ትልልቅ ሴቶች ነበሩ። ለእነሱ ምርመራው ያማል፤ አንዳንዴም አይቻልም። ሽንት ይዘው በሆድ በኩል መታየት ይችላሉ። ይህ አስቀድሞ ቢነገራቸው ምርመራውን ፈርተው አይቀሩም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባሉ ከሚወቀሱ የሚደብቁበትን ምክንያት መስማት ይቀድማል።

ድንገተኛ ሕመምም አለ። ሲስት ያለበት ኦቫሪ በራሱ ላይ ሲጠመዘዝ ደም ይቋረጥበታል፤ በአንድ ወገን ድንገት የሚጀምር ብርቱ ሕመምና ትውከት ያመጣል። ሆድ ተነፍቶ ዓይነ ምድርም ፈስም ሲቆም ደግሞ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው።

ከኤምባሲው የሚጠየቀው ያረጡ ሴቶች ሁሉ በጅምላ እንዲመረመሩ አይደለም። በብሪታንያ ከ200 ሺህ በላይ ያረጡ ሴቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ምልክት የሌላቸውን ሴቶች በየዓመቱ መመርመር በኦቫሪ ካንሰር የሚሞቱትን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳይቷል። የሚጠየቀው ምልክት ያላት ሴት እንዳትንከራተት ነው። ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶችና የኤኮግራፊ ቃላት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ በአንድ ገጽ ተጽፈው በቆንስላው፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቢቀመጡ ወጪው ትንሽ ነው። ኤምባሲው ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግሮ በፔልቲዬ ሆስፒታልና በዳር ኤል ሃናን በሳምንት አንድ ቀን ሴት አስተርጓሚ እንድትገኝ ቢያደርግ አብዛኛው ችግር ይቃለላል፤ ከማኅበረሰቡ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ወጣት ሴቶች ለዚህ አይጠፉም። በ2014 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ የታወጀው ሁለንተናዊ የጤና መድን ምዝገባ ስለሚጠይቅ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት እናት የቆንስላ መታወቂያ ይዛ ስትቀርብ እንዴት እንደምትስተናገድ በግልጽ ተነጋግሮ መወሰን ያስፈልጋል፤ ወረቀት የለኝም ብላ ቤቷ የምትቀመጠዋ ናት ዘግይታ የምትደርሰው።

ለቀዶ ሕክምና ወደ አገር ቤት የሚመለሱ እናቶች፣ ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ይሂዱ ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ፣ የኤኮግራፊውን ምስል፣ የሲኤ-125 ውጤትና የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ይዘው መሄድ አለባቸው። ቆንስላው የፈረንሳይኛውን ሪፖርት ተርጉሞ ማኅተም ቢያደርግበት ምርመራው ከዜሮ አይጀመርም።